እኔ ስሳሳት ቅጣት፣ መሥሪያ ቤቱ ሲሳሳት «ሲስተም ነው»፦ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ልጄ ታሞብኝ በነበረበት ዓመት ንግድ ፈቃዴን እስከ ታኅሣሥ 30 ሳላሳድስ ቀረሁ፤ ጥር ላይ ቅጣቱን ከፍዬ አሳደስኩ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር አልተከራከርኩም። ባለፈው ዓመት መስከረም ግን፣ ተማሪ ደብተር በሚገዛበት ሰሞን፣ ሰዎች መጥተው ሱቄን አሸጉት። ለካ ዕዳ ያለበት ስሙ ከእኔ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ነጋዴ ኖሯል። ይህን ለማስረዳት ግማሽ ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ማሸጊያውን ቀደደና ‹ሲስተሙ ነው የተሳሳተው› ብሎኝ ሄደ። ደብዳቤ የለ፣ ይቅርታ የለ። ሕጉ ለእነሱ ሌላ ነው? ሠራተኛውን መክሰስ እችላለሁ?» ጥያቄው የደረሰኝ ግንቦት ላይ ነው።

እህቴ፣ መክሰስ ይችላሉ። ነገር ግን ክሱ ማሸጊያውን በለጠፈው ሠራተኛ ላይ ብቻ ከሚሆን በመሥሪያ ቤቱ ላይ ቢሆን ይሻልዎታል፤ ምክንያቱን ከታች አብራራለሁ። «ሕጉ ለእነሱ ሌላ ነው?» ላሉት ደግሞ መልሴ «በከፊል አዎ» ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ኃላፊም ሆነ የሕዝብ ተመራጭ ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ከዚያ ወረድ ብለው ዝርዝር ሕጎችን ሲያነቡ ግን ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ያያሉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2035 ሕግ የጣሰ ሰው አጥፊ ነው ካለ በኋላ ሕጉን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይጨምራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 81 ያንኑ መርሕ ይዟል። ስለዚህ እርስዎ «የማሳደሻው ቀን ማለፉን ልብ አላልኩም፣ ልጄ ታሞብኝ ነበር» ቢሉ የሚሰማዎት የለም፤ ለምን ዘገዩ ተብሎም አይጠየቁም። ሠራተኛው ሲያጠፋ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2127 መጀመሪያ የሚጠይቀው በልቡ ምን ነበር ብሎ ነው። በሥልጣኔ ክልል ውስጥ ነኝ፣ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ በቅን ልቦና ካመነ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው። ቅን ልቦናውም እስኪስተባበል ድረስ እንዳለ ይቆጠርለታል፤ የሚያስተባብለውም ከሳሹ ነው። ለዜጋው ውጤቱ ይታያል፣ ለሹሙ ሐሳቡ ይታያል። እርስዎ የተሰማዎት ልዩነት እንግዲህ በሕጉ ውስጥም አለ።

ከዚህ ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ የመመሪያ ጉዳይ ነው። አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ሱቅ የሚያሳሽገው፣ መዝገብ የሚያዘጋው፣ «ይህ ወረቀት ይጎድልዎታል» የሚያሰኘው ግን ብዙ ጊዜ መመሪያ ነው። መመሪያ ደግሞ ለረጅም ዘመን በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ሰነድ ነበር። ባለጉዳዩ ቅጂ ሲጠይቅ «የውስጥ አሠራር ነው» ይባላል። ያላነበበውንና ሊያነበው ያልቻለውን ነገር ጥሰሃል ተብሎ ይቀጣል። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም የሚለው መርሕ ሕጉ ለሁሉ ታውጇል ብሎ የሚነሳ ነው፤ ሕጉን የደበቀ መንግሥት በዚህ መርሕ ሊጠቀም አይገባውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለመግታት መመሪያዎች በፍትሕ ሚኒስቴር እንዲመዘገቡና ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ አስገድዷል። አዋጁ የፌዴራሉን አስፈጻሚ ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮችም ስለሚመለከት የእርስዎንም ጉዳይ ይነካል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ «በመመሪያ መሠረት ነው ያሸግነው» ቢልዎ የመመሪያውን ቁጥርና የተመዘገበበትን ማስረጃ ይጠይቁ። መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው።

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ ከግብር ሕጉ ልጥቀስ። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንደወጣው፣ ግብር ተወስኖበት ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ግብር ሰብሳቢው ባለሥልጣን ግን ለዚያ ቅሬታ ውሳኔ ለመስጠት 180 ቀን ተሰጥቶታል። ግብር ከፋዩ ሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ፣ የዓመታት ደረሰኝ አገላብጦ፣ ጠበቃ አማክሮ በሦስት ሳምንት መጨረስ አለበት። ሠራተኛና መዝገብ ቤት ያለው ተቋም ስድስት ወር አለው። ከ21 ቀን ያለፈ ሰው፣ በቂ ምክንያት አቅርቦ ጥቂት ቀን ካላስጨመረ በቀር፣ መብቱን ያጣል። ባለሥልጣኑ 180 ቀኑን ዝም ብሎ ቢያሳልፈውስ? ምንም አያጣም፤ ቅሬታው ተቀባይነት እንዳገኘ አይቆጠርም። ባለጉዳዩ እንደገና ተነስቶ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ማመልከት ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ለዚያም የሚከራከርበትን ግብር ግማሽ አስቀድሞ መክፈል ይጠበቅበታል። መንግሥት ግብር በጊዜ መሰብሰብ እንዳለበት አምናለሁ፤ ያለዚያ ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም አይኖርም። ነገር ግን የዘገየ ዜጋ የሚቀጣ ከሆነ የዘገየ መሥሪያ ቤትም አንድ ነገር ማጣት አለበት። ሕጉ በመሥሪያ ቤቱ ዝምታ ላይ ዋጋ እስካላስቀመጠበት ድረስ ዝምታው አይቆምም።

አሁን ለምን ሠራተኛውን ብቻ አይክሰሱ እንዳልኩ ልመለስ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ባለማወቁም ብዙ ያጣበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 የሚለው ይህን ነው፦ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ኪሳራውን ይክሳል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትንም ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከከፈለ በኋላ ከአጥፊው ሠራተኛ ላይ መልሶ ሊያስከፍል ይችላል፤ ጥፋቱ የግል ከሆነ ግን መንግሥት ኃላፊነት የለበትም። የመጨረሻዋን ሐረግ ደግመው ያንብቧት። ሠራተኛው ተሳስቶ ካሸገብዎት ከፋዩ መንግሥት ነው። ጉቦ ስለከለከሉት ወይም ቂም ይዞ ካሸገብዎት ግን በደሉ በባሰበት በዚያው ልክ መንግሥት ከጉዳዩ ይወጣል፤ እርስዎም የወር ደመወዝተኛ የሆነ አንድ ሰው ይዘው ይቀራሉ። ቢፈረድበት እንኳ ምን ይከፍልዎታል?

የተበደለ ሰው ንዴት እንደሚናገር አውቃለሁ። ክስ ሲያስጽፍ «ሆን ብሎ፣ እኔን ለማጥፋት፣ በጥላቻ ተነሳስቶ» ይላል። እያንዳንዷ ቃል ለመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ስጦታ ናት፤ «እንግዲህ ከሳሽ ራሷ እንዳመነችው ጥፋቱ የግል ስለሆነ እኛን አይመለከተንም» ይላል። በእርስዎ ጉዳይ ሠራተኛው «ሲስተሙ ነው የተሳሳተው» ማለቱ ሰምተውት የተቃጠሉበት ንግግር ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ከሁሉ የሚጠቅምዎት እሱ ነው። ስሕተቱ የተቋሙ መሆኑን ተናግሯል ማለት ነውና። ምስክር ካለ ስሙን ይያዙ።

ሁለት ነገሮች ከሥር ጀምሮ ተደባልቀውብናል፤ ሰውን መቅጣትና ጉዳትን መካስ። ስንበደል የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ «ማን ነው ያጠፋው?» የሚል። «ኪሳራው ማን ላይ ይውደቅ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ይረሳል። የባለሥልጣን ስሕተት ይቅር ሊባል ይችላል፤ ሰው ነውና ይሳሳታል። ኪሳራውን ምንም ላላጠፋው ዜጋ ትቶ መሄድ ግን ይቅር የሚባል ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ይቅርታ የሚያደርገው ባለመብቱ መሆን ሲገባው መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ይቅርታ አድርጎ ሲሄድ ነው ያየነው።

ታሪካችንም በዚህ ረገድ ከሁለት ጫፎች በአንዱ ላይ ሲቆም ኖሯል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የምንለው ከተረትነት አልፎ ሕግ ሆኖ ተጽፏል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2137 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በጥፋት ምክንያት የካሳ ክስ ማቅረብን ይከለክላል። ቁጥር 2138 ጥበቃውን ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ጉዳይ ወደ መንግሥቱ አባላት፣ ወደ ፓርላማ አባላትና ወደ ዳኞች ያሰፋዋል። ይህ የሚነሳው ቁጥር 2139 እንደሚለው በዚያው ድርጊት በወንጀል ተፈርዶባቸው ከሆነ ነው። የዳኛው ይገባኛል፤ በፈረደ ቁጥር የሚከሰስ ዳኛ በነጻነት አይፈርድም። የሚኒስትሩ ግን ከዘመኑ አልፏል።

ሌላኛው ጫፍ ደም ነው። የወሎው ረሃብ ሲጋለጥ፣ በ1966 ዓ.ም. ባለሥልጣናት ምን ያውቁ እንደነበርና ለምን ዝም እንዳሉ የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ምስክር ይሰማል፣ ሰነድ ይመረምራል፣ የቀድሞ ሚኒስትሮችን እየጠራ ይጠይቃል። በአገራችን ባለሥልጣን በሥርዓት ተጠይቆ መልስ ሲሰጥ ሕዝብ የሰማበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ጥቂት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከእነርሱ መካከል ነበሩ። መርማሪው ገና እየጠየቀ ሳለ ተጠያቂዎቹ ተገደሉ። ረሃብተኛው ገበሬ ከዚህ ምን አገኘ? ሰዎቹ ሲሞቱ መልሱም አብሮ ተቀበረ። ከማይከሰስ ሹም ወደሚረሸን ሹም ስንዘል መካከለኛውን ነገር፣ ማለትም ተጠይቆ መመለስን፣ ጉዳትን ቆጥሮ መክፈልን፣ አሠራርን ማረምን፣ ሳንለምደው ቀረን። እርስዎ ዛሬ የቸገረዎት ያ መካከለኛ ነገር ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልዎት የኔዘርላንድስን ልጥቀስ። እዚያ የግብር መሥሪያ ቤቱ ለሕፃናት መዋያ የሚሰጠውን ድጎማ የወሰዱ ወላጆችን፣ በተለይ የስደተኛ ዝርያ ያላቸውን፣ በአጭበርባሪነት ጠርጥሮ ለዓመታት አሳደደ። አንዲት ፊርማ የጎደለች ወይም ትንሽ መዋጮ ያልተከፈለች እንደሆነ የዓመቱ ድጎማ በሙሉ እንዲመለስ ይጠየቅ ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ዕዳ የተጫነባቸው ቤተሰቦች አሉ። ትዳር ፈረሰ፣ ቤት ተሸጠ። የፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ በዲሴምበር 2020 የሕግ የበላይነት መሠረታዊ መርሆች ተጥሰዋል ሲል ደመደመ፤ በቀጣዩ ወር የማርክ ሩተ መንግሥት በሙሉ ሥልጣን ለቀቀ። ትልቅ ተጠያቂነት ይመስላል። ነገር ግን ሩተ በመጋቢቱ ምርጫ አሸንፈው በጃንዋሪ 2022 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዐቃቤ ሕግም የግብር መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት አካል ስለሆነ በወንጀል ሊከሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ያም የመንግሥት ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ከመሄድ አያልፍም። ለተጎጂዎቹ እጅ የገባው፣ ማን ምን ያህል አጠፋ የሚለው ክርክር ሳይጠበቅ ለእያንዳንዱ ተጎጂ ወላጅ እንዲከፈል የተወሰነው 30 ሺህ ዩሮ ነው። እሱም ለብዙዎች ከዕዳቸውና ከደረሰባቸው ጋር አይመጣጠንም፤ ሙሉ ጉዳታቸውን የማስላቱ ሥራ ዓመታት ፈጅቷል። ቢሆንም መሠረቱ ትክክል ነው፤ ካሳው የጥፋተኛውን ማንነት አልጠበቀም።

«ታዲያ ሠራተኛው ምንም ሳይሆን ይቅር?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይቅር። መንግሥት ለእርስዎ ከፍሎ በቸልተኝነት ካጠፋው ሠራተኛ ላይ መልሶ እንዲያስከፍል ሕጉ ፈቅዶለታል። በሥራ ዘመኔ ይህን ሥልጣኑን ሲጠቀምበት ያየሁት እጅግ ጥቂት ነው፤ የተለመደው አጥፊውን ወደ ሌላ ወረዳ ማዛወር ነው፤ የሚዛወረው ግን ሰውየው ብቻ ሳይሆን ችግሩም ጭምር ነው። በሌላ በኩል ግን የተሳሳተ ሁሉ ከኪሱ ይክፈል፣ ይታሰር የሚለውንም አልደግፍም። ሥልጣንን ያላግባብ መገልገል የሚለው የወንጀል ክስ በተስፋፋበት ጊዜ ሁሉ የሚከተለውን ባለጉዳይ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ኃላፊው ፊርማ ይፈራል። ቀላሉን ጉዳይ «ኮሚቴ ይየው»፣ «የበላይ አካል ይጠየቅ» ይላል። የሚጉላላው እንደገና ባለጉዳዩ ነው። ለቅን ስሕተት ተቋሙ ይክፈል፣ ለከባድ ቸልተኝነት ሠራተኛው ይካፈል፣ ለተንኮልና ለሙስና ወንጀል ሕጉ ይሥራ። በዚህ በሦስተኛው ግን መንግሥት «የግል ጥፋት ነው» ብሎ እጁን መታጠቡ ሊቀር ይገባል፤ ማኅተሙንና ሥልጣኑን የሰጠው እሱ ነውና ለተጎጂው ከፍሎ ከአጥፊው ጋር ራሱ ይተሳሰብ። ለሕግ አውጪው የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው።

እርስዎ አሁን ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ሱቁ በስሕተት መታሸጉንና መከፈቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ደብዳቤውን ቢከለክሉዎት እንኳ ያ ማኅተም ያለበት ቅጂ ማስረጃ ነው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ መብትን የሚነካ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ባለጉዳዩ እንዲሰማ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ከመታሸጉ በፊት በስምዎ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ደርሶዎት ካልነበረ ይህን በማመልከቻዎ ላይ ለብቻው ያንሱት።

ቀጥሎ ጉዳቱን ይቁጠሩ። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ ጉዳቱን የሚያስረዱት ግን እርስዎ ነዎት። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያዎ ላይ ሱቁ ተዘግቶ ከነበረበት ጊዜ በፊት ያሉትን የመስከረም ወራት ዜድ ሪፖርቶች (የየዕለቱን የሽያጭ ድምር የሚያሳዩትን ወረቀቶች) ያውጡ፤ የዚያን ሰሞን ሽያጭ ከሌላው ወር ጋር ማነጻጸር የቀረብዎትን ትርፍ ያሳያል። ተዘግቶ ሳለ የከፈሉትን የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የተሰረዘ የትምህርት ቤት ትእዛዝ ካለ እሱንም ያያይዙ። በጎረቤትና በደንበኛ ፊት ለደረሰብዎት ውርደት ግን ብዙ አይጠብቁ። ሕጉ የኅሊና ጉዳት ካሳ በሚፈቅድባቸው ጉዳዮች እንኳ ቁጥር 2116 ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ በ1952 የተቀመጠ ጣሪያ ነው፣ ዛሬም አልተነሳም። ስንት ጠበቆች ተናግረንበታል፤ የሰው ክብር በዚህ ዘመን በ1 ሺህ ብር መቆረጡ ያሳፍረኛል።

ከፍርድ ቤት በፊት የመሥሪያ ቤቱን ቅሬታ ሰሚ መሞከር ጥሩ ነው። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንደ ፍርድ ባይሆንም በኋላ በክሱ ላይ ማስረጃ ይሆንዎታል። የዳኝነት ክፍያ ከአቅም በላይ ከሆነ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ክሱ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚከፈት የሚወሰነው ባሸገው መሥሪያ ቤት ዓይነት ስለሆነ የእሸጋውን ወረቀት ለጠበቃ ያሳዩ፤ ክሱንም በቁጥር 2126 ንኡስ ቁጥር 2 ላይ ይመሥርት፤ ስለ ሠራተኛው ጠባይ አንድም ቃል አይግባበት።

ጊዜው ደግሞ ይኸው። በቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሱቁ የታሸገው ባለፈው ዓመት መስከረም ከሆነ የቀረዎት እስከሚመጣው መስከረም ያለው ጊዜ ነው፤ በመካከሉ ፍርድ ቤቶች ለክረምት ይዘጋሉ። ቅሬታዬ እየታየ ስለሆነ ቀኑ ይጠብቀኛል ብለው አይተማመኑ፤ ቅሬታውም ክሱም ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ክሱም ከሰኔ ሳያልፍ ይግባ።